ባሕር ለማየት የሚሻለው ወር

ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሲራክ፣

ይህ ወረቀት በሰላም ውለህ፣ በሰላም አድረህ ያግኝህ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እትዬ ሸዋረገድ «የእኔን ሰላምታ አስቀድሚ፣ ወሬሽን ኋላ ታወሪያለሽ» ስላሉኝ የእናትህ ሰላምታ ከእኔ ቀድሞ ይድረስህ።

የምጽፍልህ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት የላክኸውን የባሕር ፖስትካርድ እትዬ ከአልጋቸው ራስጌ ሰክተውታል። ባለፈው ሳምንት ከማኅበር ሲመለሱ እሱን አንሥተው ጠየቁኝ።

«ብርነሽ፣ ፈረንጅ ለመዝናናት ብቻ ብሎ ወደዚህ አገር ይሄዳል አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዘመድ ሳይኖረው?»

«ዘመድ ሳይኖረው።»

«እኔ ልጄ እዚያ ተቀምጦልኝ ለምን አልሄድም ታዲያ?»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሲራክ፣ አንተን ካዩህ ሰባት ዓመት ሆነ። ከምፅዋ ለፈቃድ መጥተህ የባሕር ኃይሉን ነጭ ልብስህን አጥበው የሸኙህ ቀን ነው መጨረሻው። የመርከባችሁ ሰው ተበትኖ በየመን አድርገህ ዛንዚባር ገባህ ሲባልም ስለት ከማስገባት በቀር ምንም አላሉም። እኔን የእህታቸውን ልጅ ከአንተ ሳይለዩ ሲያሳድጉ አንድም ቀን ለራሳቸው ይህን አምጡልኝ ብለው አያውቁም። አሁን ጠየቁ።

እኔም እንደ ድሮው ልብስ ስፌቱ ፋብሪካ ኮሌታ ላይ ነኝ። የፈረቃ ኃላፊያችን ጉርሜሳ የዓመት ፈቃድ ዝርዝር እያወጣ ነው። «ወር ምረጪ፤ ከመረጥሽ በኋላ ግን ለውጥ የለም» ብሎኛል። በአሥራ ስድስት ዓመት ፈቃዴን ቤት ከመለሰን ሌላ የት አውዬው አውቃለሁ? ስለዚህ ንገረኝ፤ እናንተ ጋ ለመምጣት የሚሻለው ወር የትኛው ነው? አንተ የምትነግረንን ወር እይዛለሁ።

እህትህ ብርነሽ

—

ዛንዚባር
ኅዳር 12 ቀን 1988

ለእህቴ ለብርነሽ፣

እግዚአብሔር ደጃችሁን በደስታ ይሙላው። የእማዬን ጉልበት ከሳምኩ ሰባት ዓመት አለፈ ብለሽ ቆጥረሽልኛል፤ እኔም ረስቼው አላውቅም። አንቺ ሳሚልኝ።

«የሚሻለው ወር የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምሰማው። ሆቴሉ ውስጥ ሥራዬ የጀልባ ሞተር መጠገንና እንግዶችን ወደ ጥልቁ ማውጣት ስለሆነ መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ለእንግዳ እንዲህ እላለሁ፦ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ነፋሱ ከሰሜን፣ ከእናንተ በኩል ይነፍሳል፤ ባሕሩ እንደ ዘይት ይተኛል፤ ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፤ ያኔ እንግዳ የለም፣ ሆቴሉም ይዘጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ ቀዝቀዝ ይላል። ኅዳር ላይ ደግሞ ትንሹ ዝናብ አለ። አሁን ስጽፍልሽ እየጣለ ነው።

ለእማዬ ግን እንደ እንግዳ አልመልስም። በታኅሣሥና በጥር ሆቴሉ ጢም ስለሚል እኔ መተኛ እንኳ አላገኝም። የካቲት ላይ ደግሞ ዘንድሮ የአገሬው ጾም አለ፤ ቀን ምግብ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ይሻላል ባይ ነኝ። የምኖረውም የአንዲት ሴት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ለእማዬ የሚመች ቦታ መፈለግ አለብኝ። አንቸኩል፤ ደህና አድርገን እናስብበት።

ባሕሩን ሳይ እናንተን አስባለሁ። ሰው የሚያስበው አገሩን ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የማስበው የእማዬን አሳል ነው። በር ከመክፈቷ በፊት የምታሰማውን።

ወንድምሽ ሲራክ

—

ላፍቶ
ጥር 2 ቀን 1988

ለወንድሜ ለሲራክ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። አሳላቸውን የጻፍክበት ቦታ ላይ «እሱ ደግሞ!» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ።

ሐምሌ ግን አይሆንም። ከሰኔ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም እንሰፋለን፤ እስከ መስከረም ድረስ የእናትሽ ቀብር ካልሆነ ፈቃድ የለም ነው የሚባለው። ለጉርሜሳ ስነግረው «ዛንዚባር? እዚያ ዩኒፎርም አይለብሱም?» ብሎ ቀለደብኝ።

ስለ ጾሙ እትዬ ያሉትን እንዳለ ልጻፍልህ። «እኔ የጾመ ሰው ያስፈራኛል? እነሱም ይጹሙ፣ እኔም እጾማለሁ፤ ማታ ሁላችንም እንበላለን።» ስለ ቤቱም «መሬት ላይ እተኛለሁ በይው» ብለዋል። ስለዚህ የካቲት ይሁንልን። አሁኑኑ ከመለስክ ጉርሜሳን እለምነዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አሉ። ባሕሩ ጠዋት ምን ዓይነት እንደሚመስል፣ ማታ ምን ዓይነት እንደሚመስል፣ ቀለሙን ለይተህ እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ። ፖስትካርዱን በየቀኑ ወደ መስኮቱ ወስደው ያዩታል። ምነው ብትፈጥን፣ ሲራክ።

ብርነሽ

—

ዛንዚባር
መጋቢት 20 ቀን 1988

ውድ እህቴ ብርነሽ፣

ይቅር በይኝ፤ ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ደርሶኝም ዘገየሁ። የካቲት አለፈ።

አሁን ደግሞ ማሲካው ገብቷል። በዚህ ወር ማንም ሰው እንዲመጣ አልመክርም። ባሕሩ የጎርፍ ውኃ መስሏል። ጣሪያው ያፈሳል፤ መንገዱ ተቆርጧል፤ ሆቴሉ ከጥበቃው በቀር ሰው የለበትም። እማዬን በዚህ ጭቃ ላይ ላስረግጣት?

እኔ ሳስበው ጥቅምት መልካም ነው። የደቡቡ ነፋስ ያበቃል፤ ትንሹ ዝናብ አልደረሰም፤ በመሃል ጥሩ ሦስት ሳምንት አለ። ለጥቅምት ተዘጋጁ።

ስለ ቀለሙ እንዲህ በያት። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ የጠላ ቅራሪ ይመስላል። ረፋድ ላይ ስሙን የማላውቀው አረንጓዴ ነው፤ ልጅ እያለሁ ለጥምቀት ትለብሰው የነበረውን ቀሚስ ታስታውሺው የለ? እሱን ነው የሚመስለው። ማታ ቀለም የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

ቅርንፉድ ልኬያለሁ። እዚህ በየመንገዱ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከተማው በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል።

ሲራክ

—

ላፍቶ
ግንቦት 14 ቀን 1988

ይድረስ ለሲራክ፣

የትንሣኤው ጌታ በያለህበት ይጠብቅህ። ቅርንፉዱ ደርሷል። ግማሹን እትዬ ለማኅበርተኞቻቸው አከፋፈሉት። ለጥርሷ ሕመም የወሰደችው ፀሐይወርቅ እስከ ዛሬ ትመርቅሃለች።

ጥቅምትን አግኝቻለሁ። ጥቅምት የተሾመች ነበር፤ የአዝራር ማሽን ላይ የምትሠራው ጓደኛዬ ናት። ልጇን ልትድርበት ያሰበችውን ወር ለእኔ ለውጣ ሰጠችኝ። ሠርጉን ወደ ጥር ገፋችው ማለት ነው። ጉርሜሳም ፈርሟል። እንግዲህ ወደኋላ የለም፤ እንድትመጡ የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፍልን።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተሳለ ዓሣ አለ። ዓሣ ይሁን ጫማ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዓይን ግን አለው። የሌላ ሰው ልጅ በወረቀትህ እንዲህ ሲጫወት ዝም የምትል ሰው አልነበርክም። እትዬ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ይዘው ብዙ ቆዩ፤ በጣታቸውም ዳሰሱት። «የአከራይዋ ልጅ ይሆናል» አልኳቸው። «ይሆናል» አሉ።

እኔ ምንም አልጠየቅኩህም።

ብርነሽ

—

ዛንዚባር
ነሐሴ 23 ቀን 1988

ለብርነሽ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጥቅምት ሆቴሉን ሊያድሱት ስለሆነ ሥራ ይበዛብኛል። ዝናቡም ዘንድሮ ቀደም ብሎ ይገባል እያሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ደህና ወር እንፈልጋለን። እማዬን አደራ። በእኔ አትዘኑ።

ሲራክ

—

ላፍቶ
መስከረም 19 ቀን 1989

ሲራክ፣

እንኳን አደረሰህ ብዬ እጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ተሾመች የልጇን ሠርግ ገፍታ የሰጠችኝን ወር ተመልሼ «ውሰጂው» ስላት ያሳየችኝን ፊት አንተ አላየኸውም። እሱ ይቅር። እትዬ እንዳልነግርህ በማርያም ስም አስምለውኝ የነበረውን ነገር ዛሬ አፍርሼ እነግርሃለሁ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

እናትህ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። የዓይን ግፊት ነው ይላል ሐኪሙ። የግራው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኛ ያወቅነው በሩን በትከሻቸው ሲገጩት ነው። የቀኙ ደግሞ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው የሚያዩት» አለኝ ሐኪሙ። ጠብታ ሰጥቷቸዋል፤ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ።

ፖስትካርዱን መስኮት ጋ የሚወስዱት ለዚህ ነው። ቀለሙን ጻፍልኝ ያሉህ ለዚህ ነው። እኔ ወር ምረጥ ብዬ ስጨቀጭቅህ የነበረው ለመዝናናት መስሎህ ነበር? እንዳልነግርህ ያሉኝም «አዝኖ እንዲጠራኝ አልፈልግም፤ ናፍቄው ይጥራኝ» ብለው ነው።

አንተ ሰኔ ነፋስ ነው፣ ኅዳር ዝናብ ነው ትለናለህ። እትዬ ዘንድ አሁን ያለው ወር ሁለት ነው፤ የሚያዩበትና የማያዩበት።

የሆነ ነገር ደብቀኸናል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ታስረህ እንደሆነ፣ ታመህ እንደሆነ፣ ሆቴል የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለ እንደሆነ፣ ጻፈውና ይለይልን።

ብርነሽ

—

ዛንዚባር
ጥቅምት 17 ቀን 1989

እህቴ ብርነሽ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ወደቡ ላይ ቆሜ ነው። ከዚያ የት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ ማታ ቤት ስገባ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ነበር።

አልታሰርኩም፤ አልታመምኩም። ሚስት አለችኝ። ማርያም ትባላለች። ልጅም አለችን፣ ሶፊያ፤ ሶፊ እንላታለን። በመጪው ጥር አራት ዓመት ይሞላታል። ያ ዓሣ የእሷ ነው። የአንዲት ሴት ቤት ተከራይቼ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ቤቱ የእኔና የማርያም ነው።

እዚህ ስደርስ ወባ ይዞኝ ከወደቡ አጥር ሥር ወድቄ ነበር። ያነሡኝ የማርያም አባት ናቸው፤ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስሜን ሳያውቁ ቤታቸው አስገብተው አርባ ቀን አስታመሙኝ። ሥራም ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። እሷን ባገባኋት ጊዜ በእነሱ ሥርዓት ነው ያገባሁት። ሃይማኖታቸውን ተቀብዬ ማለት ነው። ማተቤን በገዛ እጄ ፈታሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ በሰው አላላክክም። ክሩ የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ መጣል አልቻልኩም።

እማዬ ያንን ክር በሕፃንነቴ አንገቴ ላይ ሲታሰር ያለቀሰችውን ልቅሶ ስንት ጊዜ ነግራናለች! እንዴት ብዬ ልጻፍላት? በየዓመቱ በሚቀጥለው እነግራታለሁ እያልኩ አራት ዓመት ሆነ። እንምጣ ስትሉኝ ደግሞ ደነገጥኩ። ለእንግዳ የምለውን ሁሉ እየቆራረጥኩ ለገዛ እናቴ ሰጠሁ።

ማርያም ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። «እናትህ ለምን አትመጣም?» ስትለኝ «ዝናብ ነው» እላታለሁ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ስለ ዝናብ እሷን መዋሸት አይቻልም። 

በፈለጋችሁት ወር ኑ። ነገ ኑ። ግን አስቀድመሽ ይህን አንብቢላት። ሰምታ አልሄድም ካለች እኔ የምወቅሰው ሰው የለም።

ሲራክ

—

ላፍቶ
ኅዳር 30 ቀን 1989

ወንድሜ ሲራክ፣

ደብዳቤህን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነበብኩላቸው። ስለ ማተብህ የጻፍክበት ቦታ ስደርስ ልዘለው ሞከርኩ።

«ዘለልሽ» አሉኝ።

«አልዘለልኩም፣ እትዬ።»

«ድምፅሽ ዘሏል። ተመለሽ።»

ተመለስኩና አነበብኩት። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ያቀረብኩትን ይበላሉ፤ ጠብታቸውን ሳደርግላቸው ቀና ይላሉ። እኔም ሄደው ለንስሐ አባታቸው ይነግሩ ይሆን፣ ይረግሙህ ይሆን እያልኩ ስፌቱ ላይ ሁለት ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ።

ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው ያልሽኝ?»

«አራት ሊሞላት ነው።»

«እሱ እኔን ዝናብና ነፋስ ሲያስቆጥረኝ እሷ ጥርስ አውጥታ፣ ቆማ ሄዳለች ማለት ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናቲቱን ማን አልሽኝ?»

«ማርያም።»

«ወድቆ ያነሡት የእሷ አባት ናቸው?»

«አዎ። አርባ ቀን አስታመውታል።»

ክንዴን አልለቀቁም። ሰርቪሱ ታች መንገዱ ላይ ጡሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሄደ። እኔም ቁሜ ጠበቅኩ። በኋላ ለቀቁኝና «ሂጂ፣ ረፈደብሽ» አሉኝ። ማታ ስመለስ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር። «እንዲህ ብለሽ ጻፊ፣ ከራስሽ እንዳትጨምሪ» ብለው ያሉት ይኸው፦

«ልጄ ሲራክ። ስላደረግከው ነገር በወረቀት አልነጋገርም፤ ፊት ለፊት ትሰማኛለህ። አዝኛለሁ፤ አላዘንኩም ብል እዋሻለሁ። የምመጣበትን ወር ግን ካሁን በኋላ አንተ አትመርጥም። እንግዶችህ የሚሸሹት፣ ሆቴሉ የሚዘጋበት የዝናብ ወር ያልከው መቼ ነው? ፋሲካን ቤቴ ውዬ ያኔ እመጣለሁ። ያኔ ሥራ የለህም። ማመካኛም የለህም። ለሴትየዋ ሰላም በላት። አባቷን ነፍስ ይማር በላት።»

ብርነሽ

—

ዛንዚባር
ጥር 30 ቀን 1989

ለእማዬና ለብርነሽ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ቃሉ ሁሉ አነሰኝ። ለሁለታችሁም የአውሮፕላን ትኬት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። እስከ ዳሬሰላም ትበራላችሁ፤ እዚያ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የቀረውን በመርከብ አብረን እንሻገራለን። ለእማዬ ሎሚ ያዢላት፤ መርከቡ ያቅለሸልሻል።

ደብዳቤውን ለማርያም ተረጎምኩላት። «አባቷን ነፍስ ይማር» የሚለው ጋ ስደርስ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተመልሳ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምን ትበላለች?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግድግዳ እያስቀባች ነው። ሶፊ ደግሞ «እማማ» ማለት ለምዳለች፤ ለዶሮዎቹ ሳይቀር እማማ ትላለች።

ዝናቡ ከባድ እንደሚሆን ግን ይታወቃችሁ። ይህ ማመካኛ አይደለም።

ሲራክ

—

ላፍቶ
መጋቢት 25 ቀን 1989

ለሲራክ፣

ፓስፖርት ወጣ። እትዬ ለፎቶው «ነጠላዬን አላወርድም» ብለው ከፎቶ አንሺው ጋር ተጣሉ፤ አሸነፉም። ጉርሜሳ ግንቦትን ማንም የሚፈልገው ወር ስላልሆነ ሳይከራከር ፈረመልኝ። ከፉሪ ወተት የሚያመጣልን ቱሉ ግን ነገሩ አልገባውም። «ዝናብ ለማየት ባሕር ማዶ ትሄዳላችሁ? ሐምሌ ላይ እኛ ሰፈር ብትመጡ በነጻ አሳያችሁ ነበር» ይላል።

ቀዳዳው ጠቧል፣ ሲራክ። ፊቴን ለማየት አገጬን ይዘው ያዞሩኛል። ግንቦት 2 ቀን እንነሣለን። ቁምልን።

ብርነሽ

—

ዛንዚባር
ሰኔ 20 ቀን 1989

ለእህቴ ለብርነሽ፣

ቤቱ ከሄዳችሁ በኋላ ሰፋብን። ዝናቡ ቆሟል፤ ሆቴሉ ተከፍቷል፤ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። እኔ ግን የማስበው እነዚያን የዝናብ ቀናት ነው። እማዬ በረንዳው ላይ ከማርያም ጋር ሽንኩርት ስትልጥ፣ እሷ በአማርኛ፣ ማርያም በስዋሂሊ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ! እማዬን ምን ተባባላችሁ ስላት «ስለ አንተ ነው» ትለኝ ነበር።

አንቺ ሱቅ ወርደሽ በነበረበት ቀን የሆነውን አልነገርኩሽም። እማዬ «ክሩን አምጣው» አለችኝ። ከሣጥኑ አወጣሁት፤ ግሪስ ነክቶት ጠቁሯል። ታስርልኛለች ብዬ ሸሚዜን ፈታሁ። ያን ጊዜ እንኳ ልብ አላልኩም፤ ልቀበለው ይሁን እምቢ ልበል የማውቀው ነገር አልነበረም፤ እንደ ልጅ አንገቴን ሰጠሁ። እሷ ግን በገዛ አንገቷ ላይ፣ ከራሷ ማተብ ጎን አሰረችው። «እኔ ጋ ይቆይ» አለች። «ሚስትህን እንዳታሳዝንብኝ» ብላም ጨመረች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ሌሊትና ቀን ይከነክነኛል። ልትሄዱ አንድ ቀን ሲቀራችሁ ጠዋት ሰማዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጥ፣ እኔ የመርከብ ትኬት ልቆርጥ ወደብ ነበርኩ። ሮጬ እስክመለስ መልሶ ተዘጋ። «እማዬ፣ ባሕሩን አየሽው?» ስላት «አየሁ ልጄ፣ ጠገብኩ» አለችኝ። አንቺ ግን ፊትሽን አዞርሽ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ። ሰማያዊውን አይታዋለች ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ።

ሲራክ

—

ላፍቶ
ጳጉሜን 2 ቀን 1989

ይድረስ ለወንድሜ ለሲራክ፣ ለማርያምና ለሶፊ፣

አዲሱን ዓመት በጤና ያስገባችሁ።

መልስ ያዘገየሁት የሚጻፈው ስለከበደኝ ነው። የእትዬ ቀኝ ዓይን በነሐሴ አጋማሽ ተዘጋ። አሁን መብራት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው የሚለዩት። አላለቀሱም። ከአልጋቸው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግቢው ቧንቧ እርምጃቸውን ቆጥረው ይሄዳሉ። ለቤተ ክርስቲያን እኔ እይዛቸዋለሁ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ባሕሩን አላዩትም።

ፀሐይዋ ስትወጣ እጃቸውን ይዤ «እትዬ፣ ተነሡ፣ ጠራ! ባሕሩ ሰማያዊ ሆኗል!» ብዬ እየጎተትኩ በረንዳው ጫፍ አደረስኳቸው። ፊታቸው ላይ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቆሙ።

«ብርሃኑ የሚመጣው ከየት ነው?» አሉኝ።

«ከፊት ለፊትዎ፣ ከባሕሩ ላይ።»

«እንግዲያው አዙሪኝ።»

አልገባኝም። ወንበሩን እንዳዞር አዘዙኝና ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ተቀመጡ። «ልጅቷን አምጫት» አሉ። ሶፊን አምጥቼ ፊታቸው አቆምኳት። ከባሕሩ የሚመጣው ብርሃን እንዳለ ፊቷ ላይ ወረደ። ዝናቡ ባለበት ሁሉ ልጅቷ ለእሳቸው ጥላ ነበረች ለካ፤ ድምፅዋንና ፀጉሯን ነበር የሚያውቁት። በሁለት እጃቸው ጉንጯን ይዘው፣ በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ፣ ከግንባሯ ጀምረው ወደ ታች ትንሽ ትንሽ እያሉ ተመለከቷት። ያቺ ለአንድ አፍታ የማትቀመጥ ልጅ እንዴት ቀጥ ብላ እንደቆመችላቸው!

«እትዬ፣ ባሕሩ» አልኳቸው፤ ደመናው ሲመለስ ይታየኛል።

«ዝም በይ» አሉኝ። «ብርሃን እያለፈብኝ ነው።»

ማርያም በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ ጠጋ አላለችም። ደመናው እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ለአንተ «አየሁ» ያሉህ እውነታቸውን ነው፤ ምን እንዳዩ አልጠየቅካቸውም እንጂ።

አሁን ማኅበርተኞቻቸው ሲሰበሰቡ ሁልጊዜ ይጠይቋቸዋል። ባለፈው ፀሐይወርቅ «ሸዋረገድ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚሄድበት ባሕር እንዴት ነው?» ስትላቸው «ዝናብ ነበር» ብለው ዘጉት። «የልጅ ልጅሽስ?» ስትላቸው ግን ቀና ብለው ተቀመጡ። የግራ ቅንድቧ መሃል ላይ በትንሽ ጠባሳ እንደተከፈለ፣ የላይኛው ጥርሷ አንዱ በአንዱ ላይ እንደወጣ፣ ከአፍንጫዋ በላይ አንተን፣ ከአፍንጫዋ በታች እናቷን እንደምትመስል፣ ስትገረም አገጯ ላይ የምትወጣውን ጉድጓድ ሳይቀር ተናገሩ። 

እኔም ኮሌታ እየሰፋሁ የሶፊ መልክ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ያኔ ማታ ቤት ስገባ እሳቸውን እጠይቃለሁ።

እህትህ ብርነሽ